ስልኩን ከመፍታታችሁ በፊት፦ ሶፍትዌር የሚቆልፋቸውን ክፍሎች አውቆ መጠገን

የተሰበረ ስክሪን መቀየር ራሱ ከባድ ሥራ አይደለም። የሚከብደው ስክሪኑ በትክክል ተቀይሮ፣ ብሎኑ ሁሉ ቦታው ገብቶ፣ ስልኩ ሲበራ አሻራው እምቢ ሲል ወይም «ያልታወቀ ክፍል» የሚል ጽሑፍ ሲወጣ ነው። የሠሪው እጅ አልተሳሳተም፤ ስልኩ ነው አዲሱን ክፍል አልቀበልም ያለው። አንዳንድ አምራቾች በስክሪን፣ በባትሪ፣ በካሜራና በአሻራ ማንበቢያ ላይ መለያ ቁጥር የያዘ ትንሽ ቺፕ ያስቀምጣሉ። ቁጥሩ የስልኩ ዋና ቦርድ ከሚያውቀው ጋር ካልገጠመ ሶፍትዌሩ አንዳንድ አገልግሎቶችን ይዘጋል፣ ወይም ለባለቤቱ ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ስለዚህ የዛሬ ጥገና ግማሹ የካቻቢቴ፣ ግማሹ የሶፍትዌር ሥራ ነው። የሶፍትዌሩ ግማሽ ደግሞ አብዛኛው የሚወሰነው ስልኩ ከመከፈቱ በፊት ነው።

ባሕር ዳር ላይ ይህ ይበልጥ ይከብዳል። ከዘጌ በጀልባ፣ ከአዴት፣ ከመራዊ ወይም ከወረታ በመኪና የመጣ ደንበኛ ስልኩን ተቀብሎ በዚያው ቀን ይመለሳል። ችግሩ ቤቱ ከገባ በኋላ ቢወጣ ሌላ ቀንና ሌላ የመሳፈሪያ ገንዘብ ያስወጣዋል። መለዋወጫውም ከአዲስ አበባ የሚታዘዝ ከሆነ፣ የተሳሳተ ክፍል ማዘዝ ሠሪውንም ደንበኛውንም ቀናት ያስጠብቃል።

ገና ሳይከፈት

መጀመሪያ ትክክለኛውን የሞዴል ኮድ አንብቡ። ደንበኛው «ኤ32 ነው» ቢላችሁ አይበቃም። የሳምሰንግ ኤ32 ባለ 4ጂው 6.4 ኢንች አሞሌድ ስክሪን አለው፤ አሻራውን የሚያነበው ከስክሪኑ ሥር ነው። ባለ 5ጂው ደግሞ 6.5 ኢንች ኤልሲዲ ነው፤ አሻራው የጎን ቁልፉ ላይ ነው። ስማቸው አንድ ነው፣ ስክሪናቸው ግን አንዱ ለሌላው አይሆንም። ኮዱ ሴቲንግስ ውስጥ «ስለ ስልኩ» የሚለው ገጽ ላይ ይገኛል። ስልኩ ካልበራ ካርቶኑን፣ የጀርባ ሽፋኑን ወይም የሲም ማስገቢያውን እዩ። በአይፎን ከጀርባው ወይም ከሲም ማስገቢያው ውስጥ በ«ኤ» የሚጀምረውን ቁጥር ፈልጉ።

ሁለተኛው አካውንት ነው። ከአንድሮይድ 5.1 ጀምሮ ስልክ በሪከቨሪ (ሳይከፈት ከውጭ በቁልፎች በሚገባበት የማስተካከያ ገጽ) ፎርማት ከተደረገ፣ ሲነሳ ቀድሞ የነበረውን የጉግል አካውንት ወይም የስክሪን መክፈቻውን ይጠይቃል። በአይፎንም የአፕል አካውንት የሆነው አይክላውድ እንዲሁ ነው። ስለዚህ ከምንም ነገር በፊት «ጋሼ፣ እዚህ ስልክ ላይ ያለውን ጂሜይል ከነይለፍ ቃሉ ያስታውሱታል?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ሰው ጂሜይሉን የከፈተለት ስልኩን የሸጠለት ሰው ስለሆነ አያውቀውም። የማያውቀው ከሆነ ፎርማት የሚያስፈልገውን ሥራ አትጀምሩ፤ መጀመሪያ ስልኩ ተከፍቶ ሳለ አካውንቱ በስሙ ይስተካከል። ተቆልፎ የመጣን ስልክ ግን ካርቶኑና ደረሰኙ ሳይታይ አለመንካት ይሻላል። ያ መቆለፊያ የተሠራው የተሰረቀ ስልክ እንዳይሸጥ ነው፤ የሚጠቅመውም ነገ ስልኩ ሊሰረቅበት የሚችለውን የእናንተን ደንበኛ ነው።

ለመፈተሽ ሲባል የይለፍ ቃል ተቀብሎ ፎቶና መልእክት ያለበትን ስልክ ክፍት ማቆየት ተገቢ አይደለም። አንድሮይድ 13 እና ከዚያ በላይ የጫኑ ብዙ የሳምሰንግ ስልኮች «ሜንቴናንስ ሞድ» አላቸው፤ የሚገኘው ሴቲንግስ ውስጥ የባትሪና የስልክ እንክብካቤ ገጽ ላይ ነው። ባለቤቱ ሲያበራው ስልኩ ባዶ አካውንት ይዞ ይነሳል፤ ፎቶው፣ መልእክቱና የባንክ መተግበሪያው ይደበቃል፣ ሁሉም ክፍል ግን ይፈተሻል። የጥገና ቤቱንም ከሐሜት ያድነዋል።

ሦስተኛው፣ የሚሠራውንና የማይሠራውን በወረቀት መዝግቦ ደንበኛውን ማስፈረም ነው። በሳምሰንግ *#0*# ሲደወል የመፈተሻ ገጽ ይከፈታል። በሻዎሚ *#*#6484#*#*፣ ብዙ የሚዲያቴክ ቺፕ ባላቸው ስልኮች ደግሞ *#*#3646633#*#* ይሠራል፤ አምራቹ ዘግቶት ካላገኛችሁት እያንዳንዱን በእጅ ፈትሹ። የሚታየው አሻራ፣ ፌስ አይዲ (የባለቤቱን ፊት አይቶ ስልኩን የሚከፍተው)፣ የፊትና የኋላ ካሜራ፣ ጆሮ ላይ ሲደረግ ስክሪኑ መጥፋቱ፣ ማይክሮፎን፣ ስፒከር፣ ቻርጅና ኔትወርክ ነው። *#06# ደውላችሁ የሚወጣውን አይኤምኢአይ (የስልኩን መለያ ቁጥር) ጻፉ። ስልኩ ወድቆ ከሆነ ፌስ አይዲው ቀድሞ ሞቶ ሊሆን ይችላል። ሳይመዘገብ ከተከፈተ ግን ዕዳው የሠሪው ነው።

አይፎን ከሆነ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ከአይኦኤስ 15.2 ጀምሮ በ«ጄኔራል» ሥር «አባውት» ገጽ ላይ የክፍሎችና የጥገና ታሪክ ይታያል። ስልኩ ከዚህ በፊት ተከፍቶ ስክሪኑ ወይም ባትሪው ከተቀየረ እዚያ ይነበባል። ይህን ለደንበኛው አሁኑኑ አሳዩት፤ ያገለገለ ስልክ «ኦርጅናል ነው» ተብሎ የገዛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያውቀው እዚህ ቆጣሪ ላይ ነው።

ስክሪን

በሳምሰንግ ኤ ተከታታይ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነው። ኤ50፣ ኤ51፣ ኤ70፣ ኤ71 እና ኤ52 አሻራ የሚያነቡት ከስክሪኑ ሥር ባለ ካሜራ መሳይ ማንበቢያ ነው። ጣት ሲቀመጥ ስክሪኑ ራሱ ያበራል፤ ብርሃኑ ከጣቱ ላይ ተመልሶ፣ በስክሪኑ ውስጥ አልፎ ማንበቢያው ላይ ያርፋል። ይህ የሚሆነው ስክሪኑ ኦሌድ (አሞሌድም የሚባለው፣ እያንዳንዱ ነጥብ ራሱ የሚያበራው) ሲሆን ብቻ ነው። ገበያ ላይ «ቲኤፍቲ» ወይም «ኢንሴል» የሚባለው ርካሽ ኮፒ ከጀርባው የራሱ የመብራት ሰሌዳ ስላለው ብርሃን አያሳልፍም። አሻራው ይሞታል፤ ምንም ዓይነት ሶፍትዌር አያስነሳውም። ደንበኛው ርካሹን ከመረጠ መብቱ ነው፣ ግን አሻራውን እንደሚያጣ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ይወቅ።

ኮፒውን ለመለየት ስክሪኑን አገናኝታችሁ ሙሉ ጥቁር ምስል ክፈቱና በእጃችሁ ጋርዳችሁ በጨለማ እዩት። ኦሌድ ጥቁሩን ሙሉ በሙሉ ያጠፋዋል፤ ቲኤፍቲው ግራጫ ሆኖ ያበራል፣ ውፍረቱም ይበልጣል።

አዲሱን ስክሪን ሙጫ ከማድረጋችሁ በፊት ከፍሬሙ ውጭ ሰክታችሁ ሞክሩት። ባትሪውን አላቁ፣ የስክሪኑን ፍሌክስ (ቀጭን ጠፍጣፋ ገመድ) ሰኩ፣ ባትሪውን መልሱ፣ አብሩ። ታቹን (ስክሪኑ ለጣት መመለሱን) ከጥግ እስከ ጥግ፣ ብርሃኑን ከዝቅተኛ እስከ ከፍተኛ ፈትሹ። ሙጫ የነካውን ስክሪን ሻጩ አይመልስም። አሻራ ማንበቢያው አሮጌው ስክሪን ጀርባ ላይ ተለጥፎ ከመጣ ለስላሳ ሙቀት ሰጥታችሁ በቀጭን የፕላስቲክ መፈልቀቂያ አንሱት፤ ፊቱን በጣት አትንኩት፤ ሲመለስ አቧራም የአየር አረፋም አይኑርበት። ስክሪኑ ከታሸገ በኋላ የድሮዎቹን አሻራዎች ሰርዛችሁ እንደ አዲስ አስመዝግቡ። ኦርጅናል ስክሪን ገብቶም አሻራው ካልተመዘገበ ማንበቢያው በሶፍትዌር መስተካከል ይፈልጋል። ይህ በአንዳንድ ሞዴል በመፈተሻ ገጹ ይደረጋል፤ በሌላው የአምራቹን ፕሮግራም ይጠይቃል። ስለዚህ ያ ሞዴል የትኛው እንደሆነ ስክሪኑን ከማዘዝ በፊት አጣሩ።

የአይፎን ስክሪን ሦስት የተለያዩ ጉዳዮች አሉት፣ አንድ ላይ ባይደባለቁ ጥሩ ነው።

አንደኛው ትሩ ቶን ነው፤ የስክሪኑን ቀለም ከክፍሉ ብርሃን ጋር የሚያስማማው ማለት ነው። ከአይፎን 8 ጀምሮ መረጃው የሚቀመጠው ስክሪኑ ላይ ባለ ቺፕ ነው። አሮጌው ስክሪን ቢሰነጠቅም ኤሌክትሮኒክሱ ሕያው ከሆነ ፕሮግራመር በሚባል የቺፕ ማንበቢያ መሣሪያ መረጃውን አንብቦ ወደ አዲሱ መጻፍ ይቻላል። ቅደም ተከተሉ ግን አይገለበጥም፦ መጀመሪያ አሮጌው ይነበባል፣ ከዚያ አዲሱ ይጻፋል፣ ከዚያ ይገጠማል። አሮጌውን ስክሪን ቆሻሻ ውስጥ የጣለ ሠሪ ትሩ ቶንን አብሮ ጥሎታል።

ሁለተኛው ማስጠንቀቂያው ነው። ከአይፎን 11 ጀምሮ ስክሪኑ የዚያ ስልክ ካልሆነ መልእክት ይወጣል። ስልኩን አይጎዳውም፤ ታቹም ይሠራል።

ሦስተኛው ፌስ አይዲ ነው፤ ይህ ሲጠፋ የማይመለስ ስለሆነ እጅግ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከአይፎን 10 እስከ 12 ድረስ የፌስ አይዲ አንዱ ክፍል ከጆሮ ስፒከሩ ጋር በአንድ ፍሌክስ ላይ ሆኖ ከስክሪኑ ጀርባ ተያይዟል፤ ከዚያው ስልክ ቦርድ ጋር የተጣመረ ስለሆነ የሌላ ስልክ አይተካውም። አሠራሩ እንዲህ ነው፦

1. ባትሪውን ከ25 በመቶ በታች አድርሱ፣ ስልኩን አጥፉ። ከታች ያሉትን ሁለት ባለ አምስት ጥርስ ብሎኖች በፒ2 ካቻቢቴ ፍቱ።
2. ጠርዙን አሙቁ፣ በመሳቢያ ጎማ በትንሹ አንሱ። ስክሪኑ ከግራ በኩል ተነሥቶ እንደ መጽሐፍ ይከፈታል፤ ገመዶቹ በቀኝ ጠርዝ ስላሉ በኃይል አትሳቡ።
3. ሌላ ምንም ሳትነኩ የባትሪውን ማያያዣ አላቁ። ባትሪ ተሰክቶ ሳለ የስክሪን ፍሌክስ መንቀል የቦርዱን የመብራት መስመር ያቃጥላል።
4. የጆሮ ስፒከሩን ፍሌክስ አሙቃችሁ ቀስ እያላችሁ ከአሮጌው ስክሪን አላቁ። ሳይሞቅ ከተሳበ ይቀደዳል፣ ፌስ አይዲውም አብሮ ይሄዳል።
5. ብሎኖቹን የስልኩን ሥዕል በሠራችሁበት ወረቀት ላይ በየቦታቸው ለጥፉ። ረጅሙ ብሎን አጭሩ ቦታ ከገባ የቦርዱን ውስጣዊ መስመር ይበሳል፤ ስልኩ ያን ጊዜ ለማዳን በጣም ያስቸግራል።

በአይፎን 13 የጆሮ ስፒከሩ ከስክሪኑ ተለይቷል፣ ስለዚህ አራተኛው እርምጃ የለም። ያ ስልክ እ.ኤ.አ. በ2021 ሲወጣ ግን ስክሪን የተቀየረበት ሁሉ ፌስ አይዲው ይዘጋ ነበር። ሠሪዎች ከአሮጌው ስክሪን ላይ ትንሿን ቺፕ በሆት ኤር (በሙቅ አየር መሣሪያ) አንሥተው ወደ አዲሱ እስከመበየድ ደርሰዋል። አፕል ያን ክልከላ በአይኦኤስ 15.2 አነሣው። ስለዚህ 15.0 ወይም 15.1 ላይ የቆመ አይፎን 13 ሲመጣ ብየዳ ውስጥ አትግቡ፤ ሶፍትዌሩን አዘምኑት።

የመነሻ ቁልፍ ላላቸው አይፎኖችም ያው ነው። ከ5ኤስ ጀምሮ አሻራ የሚያነበው ቁልፍ ከቦርዱ ጋር ተጣምሯል፤ ሌላ ቢገጠም አሻራ አይሠራም፣ ከአይፎን 7 ጀምሮ መጫኑም ብዙ ጊዜ አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2016 ቁልፋቸው ከአፕል ውጭ የተጠገነ አይፎኖች ሲዘመኑ «ስሕተት 53» እያሉ ሙሉ በሙሉ ሞተው ነበር፤ አፕል በኋላ ማስተካከያ አወጣ። የአውስትራሊያ ፍርድ ቤት ኩባንያውን በ2018 የቀጣው በዚህ ጉዳይ ለደንበኞች በተሰጠ የተሳሳተ ማብራሪያ ነው፤ ቅጣቱ 9 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ነበር።

ባትሪ

ከአይፎን 10አር እና 10ኤስ ጀምሮ ባትሪው ካልተጣመረ የባትሪ ጤና መቶኛው ይደበቃል ወይም የማይረጋገጥ ባትሪ መሆኑ ይጻፋል። አንዳንድ ቤቶች ይህን ለማስቀረት የአሮጌውን ባትሪ ትንሽ ቦርድ ቆርጠው ወደ አዲሱ ሴል ይበይዳሉ። በተገቢው የነጥብ ብየዳ ማሽንና ልምድ ካልሆነ ይህን አንመክርም። የሊቲየም ሴልን ጫፍ በተራ ካውያ መንካት ሴሉን ያሳብጠዋል፣ እሳትም ያስነሣል። ቁጥር ለማሳየት ተብሎ በሰው ኪስ ውስጥ አደጋ ማስቀመጥ ልክ አይደለም። መልእክቱ ይውጣ፣ ለደንበኛው ይነገረው፣ ባትሪው ይሠራል።

ሲነቀል፣ ከሥሩ ያሉትን የሙጫ ጥብጣቦች በዝቅተኛ አንግል፣ ከባትሪው ጋር ትይዩ አድርጋችሁ በዝግታ ሳቡ። ከተበጠሱ ጥቂት ጠብታ አይሶፕሮፒል አልኮል አድርጋችሁ ደቂቃ ጠብቁና በፕላስቲክ ካርድ አንሱ። ብረት አታስገቡ። ያበጠ ባትሪ ካለ አጠገባችሁ ደረቅ አሸዋ ያለበት ባልዲ ይኑር።

በሳምሰንግ፣ በቴክኖና በኢንፊኒክስ ችግሩ መጣመር ሳይሆን ኮፒ ባትሪ ነው። አሮጌውንና አዲሱን በትንሽ ሚዛን አነጻጽሩ፤ እኩል 5000 ሚሊአምፒር ሰዓት ተጽፎበት በግልጽ የሚቀል ከሆነ የተጻፈው ውሸት ነው። ሙሉ የመሙያ ቮልቴጁም ከአሮጌው ጋር ይመሳሰል። የቻርጅ ቦርድ ስትገዙም የፈጣን ቻርጅ አይሲ (ቺፕ) ያለበትን ጠይቁ፤ ርካሹ ላይ ስለሌለ ስልኩ ቻርጅ ቢያደርግም በዝግታ ነው።

ከኦርጅናል ስልክ የተነቀለ ክፍል ካላችሁ፣ አይኦኤስ 18 ለአይፎን 12 እና ከዚያ በኋላ ለወጡት «ሪፔር አሲስታንት» የሚባል አምጥቷል። ክፍሉ ከተገጠመ በኋላ የክፍሎች ታሪክ ገጹ ውስጥ ገብታችሁ ጥገናውን ጨርስ የሚለውን ትነካላችሁ፤ ስልኩ በኢንተርኔት ክፍሉን ያጣምራል። የሚሠራው ለአፕል ኦርጅናል ክፍል ብቻ ነው። ክፍሉ የመጣው አይክላውዱ ከተቆለፈ ስልክ ከሆነ አይቀበለውም፤ ስለዚህ የተነቀለ ስክሪን ወይም ካሜራ ስትገዙ የምንጩ ስልክ ከአካውንት መውጣቱን አረጋግጡ።

ሶፍትዌር ማስገባት

እዚህ የሚገድለው የመብራት መቆራረጥ ነው። በዴስክቶፕ ኮምፒዩተር ፍላሽ እያደረጋችሁ (ሶፍትዌሩን ስልኩ ላይ እየጻፋችሁ) መብራት ከሄደ ስልኩ ግማሽ መንገድ ላይ ይሞታል። ባትሪው የሞላ ላፕቶፕ ተጠቀሙ፣ የስልኩ ባትሪ ከ50 በመቶ በላይ ይሁን፣ ፋይሉም ቀድሞ ወርዶ ተፈትቶ ይቀመጥ፤ ብዙዎቹ ጊጋባይቶች ስለሆኑ ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ አይወርዱም።

በሚዲያቴክ ስልኮች ኤስፒ ፍላሽ ቱል በሚባለው የፍላሽ ፕሮግራም ላይ «ዳውንሎድ ኦንሊ» የሚለውን ምረጡ። «ፎርማት ኦል» የሚለው ኤንቪራም የተባለውን ክፍል ይጠርጋል፤ አይኤምኢአይውና የሬዲዮው ልኬት ያለው እዚያ ነው። ስልኩ በሚገባ ይነሳል፣ ኔትወርክ ግን አይኖረውም። ስለዚህ ምንም ከመጻፍ በፊት ኤንቪራምን፣ ኤንቪዳታንና ሁለቱን ፕሮቴክት ክፍሎች አንብባችሁ በደንበኛው ስም አስቀምጡ። የሌላ ሞዴል ፕሪሎደር (ስልኩ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሣው ፋይል) ደግሞ ስልኩን ጭራሽ ያጠፋዋል።

የሳምሰንግ ፍላሽ ፕሮግራም በሆነው ኦዲን ላይ «ሆም ሲኤስሲ» የሚባለው ፋይል የደንበኛውን መረጃ ያተርፋል፤ ተራው «ሲኤስሲ» ያጠፋል። ከሶፍትዌር ቁጥሩ መጨረሻ ወደ ኋላ ስትቆጥሩ 5ኛው ምልክት የቡትሎደሩ (ስልኩን የሚያስነሣው ፕሮግራም) ደረጃ ነው። ስልኩ ላይ 5 ካለ ባለ 4 ፋይል አይገባም፤ ወደ ኋላ መመለስ ተከልክሏል። ቡትሎደር ከፍቶ የሳምሰንግ ያልሆነ ሶፍትዌር መጻፍ ደግሞ በቦርዱ ላይ የማይመለስ ምልክት ይጥላል፤ ከዚያ በኋላ ሴኪዩር ፎልደር (የግል ፋይል መቆለፊያው) አይሠራም፣ የባንክ መተግበሪያዎችም ሊከለክሉ ይችላሉ። አዳዲስ የሻዎሚና አንዳንድ የሚዲያቴክ ስልኮች ከአምራቹ ፈቃድ ያለው አካውንት ካልገባ በዝቅተኛው ደረጃ ፍላሽ አይቀበሉም። እንዲህ ያለው ስልክ ሲመጣ «አይቻልም» ማለት ሙያ ነው፤ ከማይታወቅ ቦታ በወረደ ማለፊያ መሞከር ስልኩንም ላፕቶፑንም ለቫይረስ ይሰጣል።

ጣና ውስጥ የወደቀ ስልክ

የጣና ውሃ ጨው የለውም፤ በክረምት ግን ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ደለል ይዘው ስለሚገቡ ውሃው ጭቃማ ነው፣ ደለሉም ማያያዣዎች ውስጥ ይቀራል። ስልኩ ወዲያው ይጥፋ፣ ቻርጅ አይሰካ፣ ሩዝ ውስጥም አይቀመጥ፤ ሩዝ ደለል አያወጣም። ቶሎ ከፍታችሁ ባትሪውን አላቁ። ቦርዱን የሚበላው ውሃው ብቻ አይደለም፤ በእርጥበት ውስጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ነው። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው 70 በመቶ አልኮል ቀሪው ውሃ ስለሆነ ለቦርድ አይሆንም፤ 99 በመቶ አይሶፕሮፒል ፈልጉ። የብረት ሽፋኖቹ ሥር ሳይቀር በለስላሳ ብሩሽ እጠቡና በደንብ አድርቁ።

ፌስ አይዲው ከረጠበ ኦርጅናሉን ሞጁል እጠቡ፣ አድርቁ፣ አትጣሉ። የሌላ ስልክ ሞጁል ሙሉ ጤነኛ ቢሆን እንኳ ብዙ ጊዜ ቦርዱ አያውቀውም። ውሃ የማያስገባ ተብሎ የተሸጠ ስልክም አንዴ ከተከፈተ ጠርዙ ላይ አዲስ የሙጫ ማሸጊያ ካልተደረገለት ውሃ ያስገባል፤ በጀልባ የሚውል ደንበኛ ይህን የግድ መስማት አለበት።

ለደንበኛው ምን ይነገር

በአሜሪካ የኦሪገን ግዛት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 በወጣ ሕግ፣ ከጥር 1 ቀን 2025 በኋላ በተመረቱ ስልኮች ላይ ክፍልን በማጣመር ጥገናን መከልከልን አግዳለች። በአውሮፓ ኅብረትም ከሰኔ 20 ቀን 2025 ጀምሮ አምራቾች ሞዴሉ ከገበያ ከወጣ በኋላ ለ7 ዓመት መለዋወጫ እንዲያቀርቡ፣ የተጣመሩ ክፍሎችን የሚያስተካክለውንም ሶፍትዌር ለሠሪዎች ያለ አድልዎ እንዲከፍቱ ተገድደዋል። እዚያ የሚሸጡ አዳዲስ ስልኮች ካርቶን ላይ ለመጠገን ያላቸው ምቹነት ከኤ እስከ ኢ በደረጃ ይጻፋል። ከውጭ ዘመድ ስልክ የሚያስመጣ ደንበኛ ቢያማክራችሁ ያን ደረጃ አይቶ እንዲያስመርጥ ንገሩት።

የተነቀለውን ክፍል በላስቲክ አድርጋችሁ ለባለቤቱ መልሱለት፤ በተለይ የአይፎን ስክሪን፣ ባትሪና የመነሻ ቁልፍ። ነገ ሌላ ሠሪ ከዚያ ላይ መረጃውን ማንበብ ወይም ቺፑን ማንሣት ሊያስፈልገው ይችላል። በደረሰኙ ላይ የተገጠመው ኦርጅናል፣ ከሌላ ስልክ የተነቀለ ወይም ኮፒ መሆኑን ጻፉ፣ የጠፋ አገልግሎት ካለም አብሮ ይጻፍ።

አይፎን ከሆነ የመልእክቱን አካሄድ አስቀድማችሁ አስረዱት። የስክሪን ማስጠንቀቂያው ለመጀመሪያዎቹ 4 ቀናት በመቆለፊያ ገጹ ላይ፣ ከዚያ እስከ 15 ቀን ሴቲንግስ ውስጥ ከላይ ይታያል፤ ከዚያ በኋላ «አባውት» ገጽ ውስጥ ብቻ ይቀራል። ይህን የሰማ የዘጌ ሰው መልእክቱን ሲያይ ደንግጦ ጀልባ አይሳፈርም።